የቅበላ ጭብጦ

«ልጄ፣ ምን ጠፍቶብህ ነው?»

ሐይቅ ዳር ነን። ቅዳሜ ነው፣ ገና ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከሩብ። ጠያቂው ታንኳ ያላቸው አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ናቸው። በዋጋ ተስማምተናል። እኔ እዋኛለሁ፣ እሳቸው ከጎኔ ይቀዝፋሉ። እዚያ ማዶ ካለው ዛፍ ትይዩ ድረስ ሄጄ ዞሬ እዚሁ እንደምመጣ ስነግራቸው ግን ግራ ተጋብተው አንዴ እኔን፣ አንዴ ውሃውን አዩ። ሰው በዚህ ብርድ ውሃ ውስጥ የሚገባው የወደቀበትን ነገር ሊፈልግ ነው ብለው ይመስለኛል።

«ምንም አልጠፋብኝም አባባ። ልምምድ ነው።»

«ዞረህ እዚሁ ከመጣህ፣ እዚሁ ብትቀመጥስ?»

መልስ አልነበረኝም። ፈገግ ብዬ መነጽሬን አጠለቅኩ።

ለማያውቀው ባጭሩ ላስረዳ። ትራያትሎን ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በተከታታይ፣ ሰዓቱ ሳይቆም የሚደረግ ውድድር ነው። ጫማ የምታጠልቅበት ደቂቃ ሳይቀር ይቆጠርብሃል። ረጅሙ ርቀት 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ ከዚያ ሙሉ ማራቶን ነው። ግማሹ ደግሞ 1.9፣ 90 እና 21.1 ነው። እኔ የተመዘገብኩት ለረጅሙ ነው። ደቡብ አፍሪካ፣ ህንድ ውቅያኖስ ዳር፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት። በ17 ሰዓት ውስጥ ያልገባ፣ እንዳልገባ ይቆጠራል።

ረጅሙን የሚያስብ ሰው ከዚያ በፊት አንድ ግማሽ ይሞክራል። ደንብ ነው ማለት ይቻላል። እኛ ጋ ግን የሚሞከርበት ውድድር የለም። ስለዚህ ራሳችን አዘጋጀነው። ተወዳዳሪ ሁለት፦ እኔና ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራ ጓደኛዬ። ዳኛ፣ ውሃ አቀባይ፣ ትራፊክ፣ አምቡላንስ፦ የአክስቴ ልጅ ከነሞተሩ። መንገዱ ሰላም የሆነበት ሰሞን ነበር፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

ኮርሱን ሳወጣ ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ ነበር። ዋናው ሐይቅ ውስጥ። ከዚያ በብስክሌት ወደ ደሴ መውጣት፣ ደሴን ሰንጥቆ በዶሮ መዝለያ ወደ ኮምቦልቻ መውረድ፣ ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ሐርቡ፣ ሐርቡ ሊደረስ ሲል ዞሮ ወደ ኮምቦልቻ መመለስ። ሲደመር 90 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይመጣል። ሩጫው እዚያው ኮምቦልቻ፣ በአራት ዙር። የሐይቅ ውሃ፣ የደሴ ብርድ፣ የኮምቦልቻ ሙቀት፣ ሁሉም በአንድ ቀን። ይሄን ያህል የተሟላ ኮርስ ሌላ የት ይገኛል?

የፈለግኩት ሁለት ነገር መፈተሽ ነበር። አንደኛው ጉልበቴ ነው። ሁለተኛው ስንቄ።

በጉልበቴ እተማመን ነበር። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። እዚህ በምትስበው እያንዳንዱ ትንፋሽ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚገኘው በሩብ ያህል ያንሳል። በጦሳ ሥር ስሮጥ የኖርኩ ሰው ውቅያኖስ ዳር ስደርስ እንደ ወፍ ልበር ነው ብዬ አስብ ነበር። ስንቁም ቢሆን አሳሳቢ አልነበረም። ፈረንጅ በትንሽ ላስቲክ የታሸገ ጄል ይመጥጣል። ውድ ነው፣ እኛ ጋም እንደልብ አይገኝም። እኔ ግን ጭብጦ አለኝ። የአድዋ ዘማች ወረኢሉ ከቶ ሲነሳ ስልቻው ውስጥ በሶ ነበር። ለዚያ የበቃ ለኔ አይበቃም?

ሂሳቡንም ሠርቼው ነበር። ለዚህ ዓይነት ውድድር በሰዓት 60 ግራም ካርቦሃይድሬት እና ከዚያ በላይ እንዲወሰድ ይመከራል። በሶ የተቆላ ገብስ ነው፤ ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛ በላይ ካርቦሃይድሬት ነው። በቡጢ መጠን የታሸ አንድ ጭብጦ 30 ግራም ይሰጠኛል ብዬ ገመትኩ። በየግማሽ ሰዓቱ አንድ። እማዬን «በሶ፣ ውሃና ጨው ብቻ» አልኳት። «እሺ» አለችኝ።

ወደ ውሃው ልመለስ።

ዋናው ጥሩ ነበር። ልጅ ሆኜ ክረምቱን አያቴ ዘንድ ሐይቅ ነበር የማሳልፈው። ዋና የለመድኩትም ያኔ ነው። ገንዳ የለመደ ሰው ሐይቅ ውስጥ የሚቸገርበት ነገር አለ። በየ25 ሜትሩ የሚነካ ግድግዳ የለም። የታችኛው መስመርም አይታይም፤ አረንጓዴ ብቻ ነው። በየጊዜው ቀና ብለህ ምልክትህን ካላየህ ትጠማዘዛለህ። እኔም ተጠማዘዝኩ። ዛፌን የያዝኩ መስሎኝ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም አቅጣጫ ስሄድ አባባ በመቅዘፊያቸው ታንኳውን ደበደቡ። «ቀኝ! ቀኝ! መነኮሳቱን ልትረብሽ ነው እንዴ?» አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ደቀ መዛሙርት ያፈሩበት ገዳም ነው። በዋና ልብስ የሚደረስበት ቦታ አይደለም። ተመለስኩ። 46 ደቂቃ። ከጓደኛዬ በ9 ደቂቃ ቀድሜ ወጣሁ። እሱ ጭንቅላቱን ከውሃ በላይ አድርጎ፣ ከጎኑ ከሚቀዝፍለት ሌላ ባለታንኳ ጋር እያወራ ነበር የሚዋኘው።

ልብስ ስቀይር አባባ አጠገቤ ቆመው ነበር። ብስክሌቱን ሲያዩ «ደግሞ አለ?» አሉ። ከዚያ በኋላ ሩጫ እንዳለ አልነገርኳቸውም።

ከሐይቅ ወደ ደሴ ያለው መንገድ ዳገት ነው። የልብ ምቴ ከ150 እንዳያልፍ ሰዓቴን እያየሁ ወጣሁ። አይሱዙ ጥቁር ጭሱን ፊቴ ላይ እየለቀቀ ያልፋል። ልጆች ከኋላዬ እየሮጡ «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» ይላሉ። ደርሰው ፊቴን ሲያዩ «ኧረ ሐበሻ ነው!» ብለው ይቆማሉ። ቅር ያላቸው ይመስላሉ።

የመጀመሪያውን ጭብጦ ያወጣሁት እዚህ ዳገት ላይ ነው። በፌስታል ተጠቅልሎ ጀርባ ኪሴ ውስጥ ነበር። ገና ፌስታሉን ስከፍት ሽታው መጣ። ኮረሪማ። ኮሰረት። ጣቴን አየሁት፤ ያብረቀርቃል። እማዬ ንጥር ቅቤ ጨምራበታለች። ጨምራበታለች ማለት ሲያንሰው ነው፣ አጥባዋለች። በማግስቱ እሑድ ቅበላ ነው፣ ሰኞ ሁዳዴ ይገባል። ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ለሚቀረው ጊዜ ቅቤ የማይነካውን ልጇን ደረቅ በሶ አስይዛ መንገድ ልትሰድ? አይሆንላትም።

እውነቱን ልናገር፣ በሕይወቴ የበላሁት ምርጥ ጭብጦ ነው። ዳገቱን እያላመጥኩ ወጣሁት። በግማሽ ሰዓቱ ሌላ ደገምኩ። ደሴ ፒያሳ ስደርስ በባጃጆች መሀል እንደ ንጉሥ ነበር የማልፈው።

ዶሮ መዝለያን ስወርድ እጄ ፍሬን ላይ ደነዘዘ። በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው ጭነት የያዘ ሲኖትራክ። ይህ ቁልቁለት ሌላም ነገር ያደርግሃል። ከደሴ ስትነሳ ጥርስህ ይንገጫገጫል። በየመጠምዘዣው አየሩ ይለሰልሳል። ታች ስትደርስ አንድ ሰው የምድጃ አፍ የከፈተብህ ይመስልሃል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ ወደ 650 ሜትር ወረድክ ማለት ነው። የደሴ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ ጃኬቱን እያወለቀ ነው ከመኪና የሚወርደው። የኮምቦልቻ ሰው ደግሞ ደሴ ሲመጣ ፒያሳ ላይ ፎጣ ሲገዛ ታገኘዋለህ። አንዳችን አንዳችንን መቀለጃ አድርገን ነው የኖርነው።

እዚህ ላይ ተሳሳትኩ። ቁልቁለቱ ያሞቀው እግሬ ወደ ሐርቡ የሚወስደውን መንገድ ሲያገኝ በረረ። ወደ ሐርቡ መሬቱ እየወረደ ነው የሚሄደው። 35፣ 38 በሰዓት። የልብ ምቴ 160 ደርሷል፤ አይቼዋለሁ፣ አልታዘዝኩትም። ጓደኛዬ ኋላ ቀርቷል። አራተኛውን ጭብጦ ዋጥኩ። ከዚያ ዞርኩ። ያው መንገድ አሁን ዳገት ነው። ነፋሱ ከፊት ሆነ። ፀሐዩ አናት ላይ ወጥቷል። ሆዴም መናገር ጀመረ።

ጓደኛዬ ኮምቦልቻ ሊገባ ሲል ደረሰብኝ። ብስክሌቱ ላይ ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ አስሯል። ውስጡ ሻይ ነው። ቀዝቃዛ ሻይ፣ ስኳሩ የበዛ፣ ሎሚና ቆንጥር ጨው የገባበት። ከዚያ ሌላ ሙዝ ብቻ ነበር የያዘው። «ጠጣ» ብሎ ሰጠኝ። «ስንቅ አለኝ» አልኩት። ይህችን መልሴን እስካሁን ይደጋግምልኛል።

ብስክሌቱን በ3 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ጨርሼ ከቀኑ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ሩጫ ጀመርኩ።

ከብስክሌት ወርዶ መሮጥን ያልሞከረ ሰው አይገባውም። እግሩ ያንተ አይደለም። አንጎልህ ሩጥ ይላል፣ እግርህ አሁንም ፔዳል እየፈለገ ነው። ይህን ጠብቄው ነበር፤ ከሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር በኋላ ይለቃል። ያልጠበቅኩት ሆዴን ነው። ከበሮ ሆኗል። በእያንዳንዱ እርምጃ ውስጡ የሆነ ነገር ይናጣል። ውሃ ስጠጣ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ አይወርድም።

በኋላ ሳስበው ነገሩ ግልጽ ነው። ጠንክረህ ስትሠራ ደም ወደ እግር ይሄዳል። ሲሞቅህ ደግሞ ሰውነትህን ሊያቀዘቅዝ ወደ ቆዳ ይሄዳል። ጨጓራ የሚደርሰው ትርፍራፊው ነው። በዚያ ትርፍራፊ ደም ቅቤ ፍጭ ስትለው ሥራ ያቆማል። ቅባት እንኳን በሩጫ፣ ቁጭ ብለህም ቶሎ ከጨጓራ አይወጣም። ገብሱም ቢሆን ቃጫው ብዙ ነው። ያ የአድዋ ዘማች በእግሩ እየተራመደ ነበር የሄደው። ጨጓራው ጊዜ ነበረው። እኔ ስንቁ የተበላበትን ፍጥነት ረስቼ ስንቁን ብቻ ወሰድኩ።

13ኛው ኪሎ ሜትር ላይ አንድ አጥር ሥር ሁሉንም መለስኩት። በኮረሪማ ሽታ። አንዲት የጉልት እናት ጀበናቸውን ትተው መጡ። «ውይ ልጄ፣ ምን አበሉህ?» አሉ። እማዬን ልከስ? «ፀሐይ ነው» አልኳቸው። ውሃ አናቴ ላይ አፈሰሱልኝ። የአክስቴ ልጅ ሞተሩን አቁሞ ጋዙ የወጣ ኮካ ሰጠኝ። «አብሽር፣ ትንሽ ነው የቀረው» አለ። 8 ኪሎ ሜትር ነበር የቀረው።

ይሄኔ አንድ ታሪክ ትዝ አለኝ። ረጅሙ ርቀት የተጀመረው ሃዋይ፣ ኦዋሁ ደሴት ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978። ዋናተኛና ሯጭ ማን ይበረታል ተባብለው ሲከራከሩ ጆን ኮሊንስ የሚባል የባሕር ኃይል መኮንን ሌላውንም ሁሉ ቀላቅሎ ያመጣው ሐሳብ ነው። 15 ሰው ተነሳ፣ 12 ጨረሰ። ጎርደን ሃለር በ11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ አሸነፈ። ሁለተኛ የወጣው ጆን ደንባር ሩጫው ላይ ረዳቶቹ ውሃ ጨረሱበት። የቀራቸውን ሰጡት፣ ቢራ። ይህን ለአክስቴ ልጅ ነገርኩት። «እና? ፋብሪካው እዚሁ አይደል?» ብሎ በእጁ አሳየኝ። እሱ አይጠጣም፣ ለኔ ግን ይመኛል።

ኮካው ወረደ። ስኳር ብቻ ነበር ሰውነቴ የፈለገው። እየተራመድኩ፣ እየሮጥኩ ጨረስኩ። 7 ሰዓት ከ27 ደቂቃ። ጓደኛዬ ከ31 ደቂቃ በፊት ገብቶ፣ ገላውን ታጥቦ፣ ጥላ ሥር ሻዩን ይጠጣ ነበር። ዋና የማይችለው፣ ጦሳን በሩጫ ወጥቶ የማያውቀው ሰው።

ማታ የአክስቴ ልጅ ስልኩን አውጥቶ አባዛ። «7:27 ሁለቴ 14:54። ገደቡ 17። ኢንሻአላህ ትገባለህ።» ልቤን ደስ አለው። ግን ሂሳቡ ልክ አይደለም። ግማሹ የሙሉው ግማሽ አይደለም። ግማሹን ትንሽ ትፈጥነዋለህ፤ ሙሉውን ከፈጠንከው ማራቶኑን ሳትጨርስ ትቀመጣለህ። ስለዚህ እዚህ የሚሠራው እዚያ ላይሠራ ይችላል፤ እዚህ ያቃተውም እዚያ ሊሠራ ይችላል። 130 በሚመታ ልብ ጭብጦ ይፈጭ ይሆናል። የኔን ጨጓራ ያቆመው በሶው ነው? ቅቤው ነው? ሐርቡ መንገድ ላይ ያመጣሁት ጉራ ነው? ወይስ ሙቀቱ? ሦስት አራት ነገር በአንድ ቀን አበላሽቼ የትኛው እንደገደለኝ እንዴት ልለይ? ፈተናውን ራሴ አወጣሁ፣ ጥያቄዎቹን ግን ደባልቄ።

ስለዚህ አንድ በአንድ መፈተሽ ጀመርኩ። መጀመሪያ ሙቀቱን።

ደሴ ሸዋ በር አካባቢ ሚዛን ይዞ መንገድ ዳር የሚቀመጥ ልጅ አለ። ተመዘንኩ፣ 61.0። ውሃ ሳልጠጣ አንድ ሰዓት ሮጥኩ። ተመልሼ ስቆም 60.4። ልጁ ደነገጠ። «ጋሼ፣ ቅድም ተመዝነህ አልነበር? ወላሂ ሚዛኑ አልተበላሸም!» አለ። ገንዘብ ላስመልስ የመጣሁ መስሎታል። በሳምንቱ ኮምቦልቻ ወርጄ በቀትር ያንኑ ሮጥኩ፣ ሌላ ልጅ፣ ሌላ ሚዛን። ከ61.2 ወደ 59.7። በአንድ ሰዓት አንድ ሊትር ተኩል ላብ። ደሴ ላይ ከማወጣው ከእጥፍ በላይ ነው። ግማሹን ውድድር ስሮጥ ግን የጠጣሁት በደሴ ልክ ነበር።

የደጋ ሳንባ ጥሩ ነው። አልክድም። የደጋ ቆዳ ግን ላብ ማውጣት አልለመደም፤ ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። ሰውነት ሙቀት የሚለምደው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት በየቀኑ ሙቀት ውስጥ ሲሠራ ነው። ላቡ ቀድሞ ይመጣል፣ ጨዉ ይቀንሳል፣ የልብ ምቱ ይረጋጋል። ጓደኛዬ ያንን ልምምድ ሳያውቀው ፋብሪካ እየተመላለሰ ሠርቶታል። ከመሄዴ በፊት ሁለት ሳምንት አክስቴ ቤት ኮምቦልቻ ልከርም ወስኛለሁ። የሚቀልዱብኝን ቀልድ ከወዲሁ አውቀዋለሁ። ጋቢህን ይዘህ መጣህ ወይ ነው የሚሉኝ።

የሻዩንም አሠራር ገልብጬዋለሁ። ለአንድ ሊትር አራት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ ሎሚ። ጓደኛዬ አሠራሩን የነገረኝ «ስንቅ አለኝ» የምትለዋን ሦስት ጊዜ ካስደገመኝ በኋላ ነው።

ጭብጦውን ግን አልተውኩትም። ቀስ ብዬ በምነዳበት ረጅም ልምምድ ላይ ልሞክረው እማዬን ጠየቅኳት። እንዴት እንደምነግራት ሳምንት ሙሉ ሳስብ ነበር። «እማዬ፣ ያለ ቅቤ» ማለት እሷ ጋ ስድብ ነው። ግን መናገር አላስፈለገኝም። ሁዳዴ ገብቷል። ቅቤው በራሱ ጊዜ ወጥቶ የጾም ሆነ። በሶ፣ ውሃ፣ ጨው። ሦስት ቅዳሜ 120 ኪሎ ሜትር ነዳሁበት፣ ሆዴ አንድ ቃል አልተናገረም።

ውድድሩ ግን ከፋሲካ በኋላ ነው። ትናንት ከሥራ ስመለስ እማዬ ጓዳ ውስጥ የቅቤ ቅል እየፈተሸች አገኘኋት። «ያን ያህል አገር ለምትሄደው» አለች ዞር ሳትል፣ «በደንብ አሽቼ ነው የምሰጥህ።»